ከሽልማቱ የቀረው የደሃና ሙሾ

ኮላና አሮጌ ወረቀት አንድ ላይ ሲሆኑ የሚሰጡት ሽታ አለ፤ ትንሽ የሰነበተ ሊጥ፣ ትንሽ ደግሞ ዝናብ የነካው ጆንያ ይመስላል። በቅርቡ እዚህ ሰቆጣ ወደተከፈተው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ተጠርቼ ሄጄ የቤተ መጻሕፍቱን በር ገፋ ሳደርግ የተቀበለኝ ይኸው ሽታ ነው። ተማሪዎች ረጅም ጠረጴዛ ከበው፣ በክፉው ጊዜ በየቦታው ተበትነው ኋላ የተሰበሰቡ መጻሕፍትን ይጠግናሉ። አንዷ ብሩሹን ኮላ ውስጥ እየነከረች የመጽሐፍ ጀርባ ትቀባለች፤ ሌላው ተቀብሎ በጣውላ ይጫነዋል። በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ መቅደስ የምትባል ወጣት ናት፤ «ጋሼ፣ ምነው ቆሙ፤ ይግቡ እንጂ» አለችኝ። ገባሁ። የጠራችኝ ቤተ መጻሕፍቱ ጥሩ የጥናት ጽሑፍ ለጻፈ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሽልማት ሊሰጥ ስላሰበ ነው። አዲስ አበባ ዕድሜዬን ሙሉ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆኜ ጡረታ እንደወጣሁ ሰምታ ኖሮ፣ ከሁለት መምህራን ጋር ዳኛ እንድሆን ፈለገች። ድሮ እኔም እንዲህ ያለ ሽልማት ተቀብዬ እንደነበር አልነገርኳትም። ለማንም የምናገረው ነገር አይደለም። አፍሬበት አይደለም፤ ታሪኩ ረጅም ነው፣ ግማሹም የእኔ አይደለም።

እኔ የሰቆጣ ከተማ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ጓደኛዬ ወልዱ ከደሃና፣ ከገደል ሥር ካለች መንደር የመጣ ነው። አባቱ ደብተራ ነበሩ፤ እሱ ገና ፊደል ሳይጨርስ ሞቱና ያሳደገችው አክስቱ እመት ለምለም ናት። ትንሽ ቄስ ትምህርት ቤት ተምሮ ሰቆጣ ሲገባ አንድ ክፍል ተመደብን፤ ከዚያ በኋላ አልተለያየንም። ኮሌጅ ሲደርሰን በአንድ የጭነት መኪና ላይ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ኮረም ወጣን፤ ደሴ አድረን አዲስ አበባ ገባን። ልብሳችን አቧራ ለብሶ አንድ ዓይነት ቀለም ሆኖ ነበር። የዚያ ዘመን አዲስ አበባ እንዴት እንደነበረች ለዛሬ ልጆች ለማስረዳት ይቸግረኛል። ሱሪው ከጉልበት በታች እየሰፋ ጫማውን ይሸፍናል፤ ጫማው ደግሞ ሰውየውን በአንድ ጊዜ ከፍ ያደርገዋል። ጎፈሬ ያላሳደገ ወጣት አልነበረም፤ የብረት ማበጠሪያው ከኋላ ኪስ ብቅ ብሎ ይታያል። ሻይ በሳንቲም ነው፤ ፓስቲ ቢጨመርበትም ብር አይሞላም። ፒያሳ ቁልቁል ሲወርዱ የሙዚቃ ሸክላ መሸጫዎቹ ድምፅ ማጉያቸውን ደጅ አውጥተው ስለሚያዘፍኑ፣ አንዱን ዘፈን ከአንዱ ሱቅ ጀምረን ጫፉን ሌላው ሱቅ ደጃፍ ላይ እንሰማው ነበር። ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራበት ዘመንም ነበር፤ እሱን አላነሳውም፤ የሚያነሱት ብዙ ሰዎች አሉ።

ወልዱ ዝምተኛ ሆነ። አገር ቤት ሳለ እንዲህ አልነበረም። አማርኛው ወረቀት ላይ ከሁላችንም የጠራ ነው፤ ሲናገር ግን የአፍ መፍቻው የኽምጣና፣ የዋግ አገዎች ቋንቋ፣ ቅላጼ ይይዘዋል። መኝታ ቤት ውስጥ አንድ ሁለት ልጆች አነጋገሩን እየቀዱ ሰው ያስቁ ጀመር። ክፋት እንኳ አልነበረባቸውም፤ ኋላ ሁለቱም ወዳጆቻችን ሆነዋል። እሱ ግን የሚናገረውን ቃል እየመረጠ፣ ከዚያም እያሳነሰ ሄደ። ከሰልባጅ ተራ የገዛት፣ እጅጌዋ ጣቱ ላይ የምትደርስ ካፖርት ነበረችው። እሷን ለብሶ ጠዋት ቤተ መጻሕፍት ይገባል፤ ሲዘጋ ይወጣል። «እዚያ ዝም ማለት ደንብ ነው» ይለኝ ነበር፤ «እዚያ ውስጥ ሁሉም ሰው እንደኔ ነው።»

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ወይዘሮ እልፍነሽ ነበሩ። መነጽራቸው በሰንሰለት አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል፤ ሁልጊዜ ግራጫ ሹራብ ነው የሚለብሱት፤ ጫማቸው ድምፅ የለውም። ወልዱን ይወዱታል፤ ባይናገሩትም ይታወቃል፤ ሊዘጉ ሲሉ የእሱን ጠረጴዛ መብራት መጨረሻ ነበር የሚያጠፉት። የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ሳለን በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጠፉ። ቤተ መጻሕፍቱ ለተማሪ የጥናት ጽሑፍ ሽልማት ሊሰጥ ነው። የአሸናፊው ጽሑፍ በቀይ ሽፋን ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ የመዝገብ ካርድ ይወጣለታል፤ ጸሐፊው ሲመረቅ ደግሞ እዚያው ረዳት ሆኖ ይቀጠራል። ወልዱ ማስታወቂያውን አንብቦ ሲጨርስ እንደገና ከላይ ጀመረ። «እዚህ ገብቼ የምቀር ከሆነ ሌላ ምንም አልፈልግም» አለኝ። ሲመኝ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሁለታችንም ለመወዳደር ተነሣን። እኔ በሰቆጣ በኩል ያልፍ ስለነበረው የጨው ንግድ ጻፍኩ። ከወንበሬ ሳልነሣ ነው የጻፍኩት ማለት ይቻላል፤ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የድሮ መንገደኞች የጻፏቸው መጻሕፍት ሞልተዋል፤ አንዱን ከአንዱ እያስተያየሁ፣ የግርጌ ማስታወሻ እየደረደርኩ ጨረስኩት። ወልዱ ክረምቱን አገር ቤት ወርዶ የደሃናን ሴቶች ሙሾ ሰብስቦ መጣ። እመት ለምለም ሙሾ አውራጅ ነበረች፤ ሰው ሲሞት ከየመንደሩ የምትጠራ። እሷና ጓደኞቿ የነገሩትን በኽምጣና ጻፈ፤ ከሥሩ አማርኛውን አስቀመጠ፤ ከዚያ ማን ለማን፣ መቼና ለምን እንደሚያለቅስ አብራራ። አራት ኪሎ የምትሠራ ታይፒስት ነበረች፤ ገጹን የምትቆጥረው እስክሪፕቶ ከንፈሯ ላይ አድርጋ ነው። ግጥሞቹ ውስጥ ያሉትን አንዳንድ ድምፆች የሚጽፍ ፊደል ማሽኗ ላይ የለም። ስለዚህ ቦታውን ባዶ እየተወች መታችለት፤ እሱ ቄስ ትምህርት ቤት በተማረው የእጅ ጽሑፍ፣ በቀለም፣ አንድ በአንድ ሞላው። ገጹን ሲያዩት መካከሉ ላይ ከብራና የተቆረጠ ነገር የተለጠፈበት ይመስል ነበር።

ከቀረቡት ጽሑፎች የእሱና የእኔ ተለይተው ቀሩ። ኮሚቴው ሁለታችንንም አንድ ላይ አስጠራን። ሰብሳቢው ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቁጣ የማያውቁ መምህር ነበሩ። እኔን ጥቂት ነገር ጠይቀው ወደ ወልዱ ዞሩ።

«ጽሑፍህን ሁላችንም ወደነዋል» አሉት። «አንድ ነገር ብቻ አለ። እነዚህ በእጅ የገቡት ግጥሞች...»

«ኽምጣና ናቸው» አለ ወልዱ።

«እሱን አውቀናል። ከመካከላችን የሚያነበው ግን የለም። የማናነበውን ነገር እንዴት አድርገን እንዳኛለን? ደንቡም ጽሑፉ በሙሉ በታይፕ ይመታ ይላል። አማርኛው አለልህ፤ ይበቃል። እነሱን አውጣቸውና ሌላ የምንልህ የለም።»

ወይዘሮ እልፍነሽ ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። «መጨረሻ ላይ እንደ አባሪ ቢገቡስ?» ብለው ጠየቁ። ሰብሳቢው አንገታቸውን ነቀነቁ፤ አባሪም የጽሑፉ አካል ነው አሉ። ወልዱ የካፖርቱን እጅጌ ሲጠቀልል፣ ሲፈታ ቆየ። ከዚያ ልጆቹ በሚስቁበት አነጋገሩ፣ ሳይቸኩል ተናገረ።

«አማርኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እነሱ ያለቀሱት በዚያኛው ነው። እሱን ካወጣሁት የሚቀረው የእኔ ብቻ ነው።»

«ልጄ፣ ሥራውም አብሮ እንደሚቀርብህ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ ጌታዬ።»

«እስከ ሰኞ አስብበት።»

«አስቤበታለሁ» አለና ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ በሁለት እጁ አነሣ።

ኮሪደሩ ላይ ስንደርስ ያዝኩት። አሁን አውጥተህ ስጣቸው፤ ከተቀጠርክ በኋላ መደርደሪያውም መቀሱም ኮላውም በእጅህ ነው፤ መልሰህ ታስገባቸዋለህ አልኩት። የመሰለኝን ነበር የነገርኩት፤ ዛሬም ቢሆን መጥፎ ምክር አይመስለኝም። ወልዱ ግድግዳውን ተደግፎ ሰማኝ።

«አክስቴ ይህን ሁሉ ስታስጽፈኝ ምን አለችኝ መሰለህ?» አለ። «‹ሰውን ሁሉ ያለቀስኩለት እኔ ነኝ። እኔ ስሞት የሚያውቅ ሰው እንዲኖር ጻፈው› ነው ያለችኝ። አንድ ጊዜ ከወጣ መቼ እንደሚመለስ በምን አውቃለሁ? ደግሞ አማርኛ አትሰማም እኮ።»

ሽልማቱን እኔ ወሰድኩ። የሰው ኮት ተውሼ፣ ከረባት አስሬ፣ በንባብ አዳራሹ መካከል ከሰብሳቢው እጅ ተቀበልኩ። ለስላሳና ብስኩት ነበር። ወልዱ መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ከሌላው ሰው እኩል አጨበጨበ። ወይዘሮ እልፍነሽ እጄን ሲጨብጡኝ «ጥሩ ጽሑፍ ነው» አሉና ጥቂት ቆይተው «ያኛውም ጥሩ ነበር» አሉ። ከዚያ ወልዱና እኔ በእግር ፒያሳ ወርደን ኬክ ቤት ገባን። ከመስታወቱ ፊት ቆመን ብዙ መረጥን፤ መጨረሻ ላይ ሁለታችንም አንድ ዓይነት አዘዝን። ሹካውን እንዴት እንደሚይዝ እየፈለገ፣ «እነዚያ የጨው ነጋዴዎች ሰቆጣ ሲያድሩ ምን ይበሉ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

«መጽሐፉ አይልም» አልኩት።

«እናንተ ሰፈር ያሉ ሽማግሌዎች ይነግሩህ ነበር» አለ። ለማሽሟጠጥ አልነበረም፤ የጨው ነጋዴ እራት በእውነት አሳስቦት ነው።

ከዚያ በኋላ መንገዳችን ተለያየ። እሱ ተመርቆ መምህር ሆነና ወደ ዋግ ተመለሰ፤ ደሃና አስተማረ፣ ጋዝጊብላ አስተማረ፣ እንደገና ደሃና። እኔ እሱ የተመኘው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። ጥሩ ሥራ ነበር፤ አማርሬው አላውቅም። ከረባቱ ቀረ፣ ጎፈሬው ቀረ፣ የሸክላ ሱቆቹ ካሴት መሸጫ ሆኑ፣ ካሴት መሸጫዎቹም የስልክ ሱቅ ሆኑ። ወይዘሮ እልፍነሽ ጡረታ ወጡ፤ በእሳቸው ቦታ ብዙ ሰው ተፈራረቀ። ቀዩ ጽሑፌ መደርደሪያው ላይ ነበር። አንዳንድ ጊዜ ሳልፍ አየዋለሁ፤ ዓመታት ያልፋሉ፣ የሚዋሰው አይኖርም። አንድ ጊዜ ግን አባቴን የሚያውቅ የሰቆጣ ነጋዴ መርካቶ ለዕቃ መጥቶ ቢሮዬ ጎራ አለ፤ ስለ አገር ሲያወራ እመት ለምለም መሞቷን ነገረኝ። የዋናዋ ሙሾ አውራጅ ለቅሶ ነውና ሰው ከሩቅ ሁሉ መጥቶ ነበር። ጓደኞቿ ቀድመዋት ሞተዋል፤ ወጣቶቹ ደግሞ ግጥሙን አያውቁትም። ለቀስተኛው ተሰብስቦ፣ የሚጀምረው ሰው ጠፍቶ፣ ዝም ብሎ ቆመ። ያን ጊዜ መምህሩ ወልዱ ከወንዶቹ መካከል ወጣና ወደ ሴቶቹ ሄዶ እሱ ራሱ አወረደላት። «ከወረቀት አይደለም፣ በቃሉ ነው» አለኝ ነጋዴው። «ወንድ ልጅ እንዲህ ሲያደርግ አይተን አናውቅም። መጀመሪያ ሰው ደነገጠ። ኋላ ግን ሴቶቹ ተቀበሉት።» ነጋዴው ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ ያን ቀን የጻፍኳቸውን ካርዶች ግን በማግስቱ እንደገና መጻፍ ነበረብኝ።

ባለቤቴ ስትሞት ወደ አባቴ ቤት፣ ወደ ሰቆጣ ተመለስኩ። ከተማው ሰፍቷል፤ ባጃጁ በዝቷል፤ አባቴ ጨርቅ ይሸጥበት በነበረው ደጃፍ ላይ የሞባይል ካርድ ይሸጣሉ። ከወልዱ ጋር በዚህ መካከል የተገናኘነው በሰው ሠርግና በሰው ለቅሶ ላይ ብቻ ነው፤ ስለዚያ ሽልማት አንሥተን አናውቅም።

መቅደስ የሰጠችኝን ጽሑፎች ቤቴ ወስጄ አነበብኩ። አንዱ ስለ ንብ አያያዝ ነው፤ ወንድ ልጅ የጻፈው፣ ደረቅ ግን ጠንቃቃ። ሌላው ዝናሽ የምትባል የጋዝጊብላ ልጅ የጻፈችው የለቅሶ ግጥም ስብስብ ነው። ግጥሙ በኽምጣና፣ ከሥሩ አማርኛ። ዛሬ ኮምፒዩተሩ ፊደሉን ሁሉ ስለሚጽፈው በእጅ የገባ ነገር የለም። የከተማ ልጅ ሆኜ ኽምጣና ገበያ ላይ ከሰማሁት በላይ አላውቅም፤ አማርኛው ግን ያምራል፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ መነጽሬን አውልቄ ቆይቻለሁ። ዳኞቹ ስንሰበሰብ፣ ከሌላ አገር የመጣው ወጣት መምህር «እኔ ይኼኛውን ክፍል አላነበውም፤ አማርኛውን ብቻ ብንገመግመውስ?» አለ። በቅንነት ነው የተናገረው። እኔም በተራዬ «የሚያነብ ሰው አለ» አልኩ።

ወልዱ በገበያ ቀን ከገበያተኛ ጋር በሚኒባስ መጣ። ጋቢ ለብሷል፤ ዱላ ይዟል፤ የመነጽሩ አንዱ እጅ በክር ታስሯል። ጉንጭ ለጉንጭ ብዙ ከተሳሳምን በኋላ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ አየኝ።

«ሸብተሃል» አለ።

«አንተ ደግሞ አጥረሃል» አልኩት።

ጉዳዩን ነገርኩት። እውነቱን ለመናገር በልቤ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ሌላ ሰው በዚያች ልጅ ሊፈርድባት ይችላል፣ እሱ ግን አይፈርድባትም ብዬ ነው የጠራሁት። ለብቻው ጠረጴዛ ሰጠነው። እርሳስ ጠየቀ። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ አንዳንዴ እግሩ መሬቱን በቀስታ እየመታ፣ ምሳ ሰዓት እስኪያልፍ አነበበ። ተማሪዎቹ በአጠገቡ ሲያልፉ ኮቴያቸውን ይቀንሱ ነበር። ሲጨርስ መነጽሩን አጥፎ ጠራን።

«ጎበዝ ልጅ ናት» አለ። «አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል። ግን ከእነዚህ ግጥሞች ግማሹ የለቅሶ አይደሉም። ሙሽራ ከእናቷ ቤት ስትወጣ የሚባሉ ናቸው። ዜማቸው ስለሚቀራረብ ነው የተሳሳተችው። በሕይወት ላለች ሙሽራ የተዘፈነውን ለሞተ ሰው ነው ብላ ተርጉማዋለች።»

መቅደስ ፊቷ ጨለም አለ። «ታዲያ ነጥብ ይቀነስባት እንጂ መምህር፣ እንዲሁ አንደኛ ብትወጣ ምን ይላል? በዚህ ቋንቋ ጽፎ ያቀረበ ሌላ ማንም የለም እኮ።»

«ስለዚህ ነው የማትወጣው» አለ ወልዱ።

የንቡ ጽሑፍ አሸነፈ። ወልዱና እኔ ወጥተን ከሕንፃው ፊት ለፊት ካለው ደረጃ ላይ፣ ፀሐይ ያለበት ቦታ መርጠን ተቀመጥን። ከገበያው በኩል የፍየል ጩኸትና የባጃጅ ጥሩንባ ይሰማል። ለብዙ ዓመት ያላነሣሁትን ነገር እዚያ ላይ አነሣሁት።

«ያኔ የቀረብህን ለዚህች ልጅ ትሰጣታለህ ብዬ ነበር» አልኩት።

ጋቢውን ከትከሻው ላይ አስተካከለ።

«ሽልማቱን ብሰጣት ስህተቱ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል» አለ። «ሰው ደግሞ መደርደሪያ ላይ ያየውን ያምናል። የሚያርመው ሰው ሞቶ ካለቀ በኋላ ጋዝጊብላ ውስጥ ለሙሽራ የሚዘፈነው ለሞተ ሰው ይለቀስበት ነበር ይባላል። ያኔ የተውኩት እኮ ሽልማቱን ጠልቼ አይደለም። በጣም ነበር የፈለግኩት።» በዱላው ጫፍ ደረጃውን ነካ ነካ አደረገ። «አሁንም ቤተ መጻሕፍት ስገባ ያ ሽታ ያስቀናኛል።»

ይህን ሲል አላየኝም፤ እኔም አላየሁትም። ሥራው መልካም እንደነበረ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ አሰልቺ እንደነበረ ልነግረው አስቤ ነበር፤ ተውኩት።

በዚህ መካከል አንዲት ቀጭን ልጅ ከሕንፃው ወጥታ ወደ እኛ ወረደች። ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማለች፤ ጽሑፉን ደረቷ ላይ ይዛለች። መቅደስ ነግራት መሆን አለበት። ያለቀሰች አትመስልም፤ የተቆጣች ትመስላለች። ከወልዱ ፊት ቆማ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች።

«ጽሑፌን ያዩት እርስዎ ነዎት አሉኝ፣ መምህር።»

«እኔ ነኝ፤ ዝናሽ አንቺ ነሽ?»

«አዎ። የትኛው የለቅሶ፣ የትኛው የሙሽራ እንደሆነ ይነግሩኛል? አስተካክዬ ልጽፈው ነው። ለሽልማቱ አይደለም።»

ወልዱ ወረቀቱን ተቀብሎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው፤ አልከፈተውም።

«ከማን ነው የሰማሻቸው?» ብሎ በኽምጣና ጠየቃት። ይህን ያህል እኔም ገባኝ። እሷ መልሷን በኽምጣና ጀመረችና እኔን አይታ ወደ አማርኛ መለሰችው።

«ከአያቴ። እህቴ በስልክ ቀድታ ነው የላከችልኝ። እኔ ትምህርት ላይ ስለነበርኩ አልወረድኩም።»

«አያትሽ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናት። ዓይኗ ትንሽ ደክሟል እንጂ ደህና ናት። ጋዝጊብላ ነው ያለችው።»

«ታዲያ» አለ ወልዱ ወረቀቱን እየመለሰላት፣ «እኔን ለምን ትጠይቂኛለሽ?»

ልጅቷ ወረቀቱን ይዛ ቆመች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ የጋዝጊብላው ገበያተኛ መኪና ሄዶ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሰው እስኪሞላ ይቆማል፣ ገና አልወጣም አልኳት። አመስግና ደረጃውን ቀስ ብላ፣ ክብሯን ጠብቃ ወረደች፤ የግቢውን በር ስታልፍ ግን ነጠላዋን በአንድ እጇ ሰብስባ ወደ መናኸሪያው መሮጥ ጀመረች።